ሌቭል ስኬሊንግ ምንድን ነው?

ቪዲዮ ጌም ላይ ስንት ሰዓት ደክማችሁ ካራክተራችሁን አሳደጋችሁ። ሰይፉም ጥሩሩም ተቀየረ። መንገድ ላይ ግን መጀመሪያ አካባቢ በሦስት ምት የጣላችሁት ዓይነት ሽፍታ ይገጥማችኋል፤ አሁን አሥር ምትም አይበቃው። የት ሠልጥኖ መጣ? የትም። እናንተ ሌቭል፣ ማለትም የካራክተራችሁን የዕድገት ደረጃ፣ ስትጨምሩ ጌሙ ለእሱም ጨመረለት። ሌቭል ስኬሊንግ ይኸው ነው፦ የጠላት ጉልበት በተጫዋቹ ሌቭል ልክ ይሰላል።

ባሕር ዳር ፕሌይስቴሽን ቤት ብቻ የሚያዘወትር ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። እዚያ የሚነግሠው ኳስ ነው፤ ካራክተር እያሳደጉ ረጅም ታሪክ የሚጫወቱበትን፣ ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ አርፒጂ ማን ከፍሎ ይጨርሳል? አርፒጂ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የፖሊና የፔዳ፣ ልጆች ነው። በፍላሽ ተቀባብለው፣ መብራት ሳይሄድ ሴቭ እያደረጉ፣ ላፕቶፕ ላይ።

ስኬሊንግ በሌለበት ዓለሙ ቋሚ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጉማሬ የሚበዛበትን ዳርቻ ያውቃል፤ ጉማሬው የቀዛፊውን ልምድ አይቶ አይገዝፍም። ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባለው ጌም እንዲህ ያለ ቦታ አለው። ከመነሻው መንደር ከጉድስፕሪንግስ ወደ ሰሜን የቸኮለ ሰው ካዛዶር የሚባሉ መርዘኛ ተናዳፊዎች ይጨርሱታል። ጎልብቶ ሲመለስ ግን ሒሳቡን ያወራርዳል። እኔ ይህ በቀል ደስ ይለኛል።

ታዲያ ስኬሊንግ ለምን አስፈለገ? ክፍት ዓለም ውስጥ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዛሬ ቢገባ የሚጨፈጭፈው ዋሻ ነገ ቢገባ እንቅልፍ ያመጣበታል። ስኬሊንግ ሁለቱንም ያስቀራል፤ በየትም በኩል ብትጀምሩ ውጊያው ውጊያ ይሆናል።

ችግሩ ልኩን ሲያልፍ ነው። ሁሌም የሚጠቀሰው በፈረንጆች 2006 የወጣው ኤልደር ስክሮልስ 4፦ ኦብሊቪየን ነው። ሌቭላችሁ ሲያድግ ተራ ቀማኛ ግላስ የሚባለውን ውድ ጥሩር ለብሶ ይወጣና 100 ወርቅ አምጡ ይላል። የለበሰውን ቢሸጠው እኮ ሺዎች ያወጣለታል!

ከዚህ የባሰ አለ። ኦብሊቪየን ላይ 7 ዋና ክህሎቶች ትመርጣላችሁ፤ በእነሱ በድምሩ 10 ነጥብ ጨምራችሁ ከተኛችሁ ሌቭል ትጨምራላችሁ። ክህሎቱ ሰይፍ ይሁን ንግድ ወይም ዝላይ፣ ጌሙ አይለይም። ስለዚህ ነጋዴ ሲከራከር፣ መንገድ ላይ ሲዘል የከረመ ካራክተር ሌቭሉ ወጣ፣ ጠላትም ጠነከረ፣ ሰይፍ የያዘው እጅ ግን ያው ነው። ብልጦች ዘዴ ዘየዱ፦ አለመተኛት። ጀግናው ያለ እንቅልፍ ዝቅተኛ ሌቭል ላይ እንዳለ ታሪኩን ይገፋል። ማደግ የሚያስቀጣበት ጌም፣ ለእኔ ሚዛኑን ስቷል።

በ2011 የወጣው የኦብሊቪየን ተከታይ ስካይሪም ነገሩን አለዘበው። አብዛኛው ዋሻ ከዚህ አይወርድም፣ ከዚህ አይወጣም የሚል የራሱ ልክ አለው፤ ሌቭሉም መጀመሪያ ስትገቡ ይቆረጣል። አቅቷችሁ ሸሽታችሁ ከነበር ጠንክራችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ስኬሊንግ ወለልና ጣሪያ ካለው ማንም አያማርርም።

ከዲፊከልቲ ጋር ግን አታምታቱት። ዲፊከልቲ እናንተው የምትመርጡት የጌሙ የክብደት ደረጃ ነው። ስካይሪምን ከሁሉም የሚከብደው ሌጀንደሪ ላይ ብታደርጉት የሚደርስባችሁ ጉዳት 3 እጥፍ ይሆናል፣ የምታደርሱት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስኬሊንግ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቃችሁ ከጀርባ ይሠራል። ዊቸር 3 በዚህ ይመሰገናል፤ ጠላት ከእናንተ ጋር ይደግ አይደግ የሚለውን ሴቲንግ ውስጥ አስቀምጦታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጫወቱት ከሆነ አጥፉት። ግማሽ መንገድ ላይ ሁሉም ጠላት በአንድ ምት መውደቅ ሲጀምር ያኔ ታበሩታላችሁ።