የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ በመሬት ሙግት የጀመረ ሰው በቀላሉ አይተውም። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ችሎት) እያለ አዲስ አበባ ፌዴራል ሰበር ድረስ ይዘልቃል። እዚያም ሲሸነፍ አቤቱታውን የጻፈለት ራፖር ጸሐፊ «ግድ የለም፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም እንጠይቃለን» ይለዋል። መጠየቁ መብቱ ነው። ግን ይሄ ሌላ የይግባኝ ደረጃ አይደለም፤ እንደዚያ ተደርጎ ሲነገር ነው ገበሬውን ለከንቱ ወጪ የሚዳርገው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማድም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ የሚባለው ይቃረናል ወይስ አይቃረንም የሚለው ነው፤ ይህን በብዙ አገር ዳኛ ነው የሚወስነው። እኛ ጋ ግን ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሰነዱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነው ስለተባለ፣ የሚተረጉሙትም ወኪሎቻቸው ይሁኑ ተባለ። የሕግ ምሁራን በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኔም ፖለቲከኛ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን ደስ አይለኝም።

የሕግ ሰዎች ያሉት አቤቱታውን መጀመሪያ በሚመረምረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ውስጥ ነው። አባላቱ 11 ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይሰበስበዋል፣ ምክትሉም ምክትል ሰብሳቢ ነው። ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች ሲሆኑ ሦስቱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወከላሉ። ጉባኤው «ትርጉም ያስፈልገዋል» ካለ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነው የሚያቀርበው፣ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። «አያስፈልገውም» ካለ ግን መዝገቡ እዚያው ይዘጋል፤ ቅር ያለው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ለተራ ባለጉዳይ ከጉባኤው «አዎ» ይልቅ የሚከብደው «አይ» ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ምክር ቤቱ ግን በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቢሰበሰብ ይበቃዋል። ሁለቱ እንዴት እንደሚጣጣሙ አንባቢ ይፍረደው።

ታዲያ የትኛው ጥያቄ ነው ትርጉም የሚያስፈልገው? ወለድ አገድን እንውሰድ። አንድ የማቻከል ገበሬ ብር ተበድሮ መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት እያረሰ ምርቱን በወለድ ፋንታ ይወስዳል። ዓመታት ያልፋሉ። ልጅየው ብሩን ቋጥሮ ሲመጣ «10 ዓመት አልፏል፣ በይርጋ ታግዷል» ይባላል፤ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ምስክሮቹ በደንብ አልተሰሙም ማለት የፍሬ ነገር ክርክር ነው፣ አጣሪ ጉባኤው ጋ ቦታ የለውም። የይርጋው አንቀጽ ያለ ቦታው ተጠቀሰ ማለት ደግሞ የሰበር ጉዳይ ነው፤ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» የሚባለው እሱ ነው። አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም እያለ የገበሬው መሬት በይርጋ ሰበብ አበዳሪው እጅ ሊቀር ይችላል ወይ? ሕገ መንግሥታዊው ጥያቄ ይሄኛው ነው። የወለድ አገድ ክርክር ምክር ቤቱ ድረስ ደርሶም ያውቃል። ብዙ አቤቱታ ግን «ፍርድ ተጓደለብኝ፣ ፍትሕ የማግኘት መብቴ፣ አንቀጽ 37 ተጣሰ» ብሎ የሰበሩን ማመልከቻ መልሶ ይገለብጣል። እንዲህ ያለው አንቀጽ ስለጠቀሰ ብቻ አያልፍም።

ጥያቄው የግድ በግለሰብ ብቻ አይቀርብም፤ ፍርድ ቤትም መዝገብ ይዞ ሳለ ጭብጡን ለጉባኤው ሊልክ ይችላል። የመንግሥት አካልም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሆነው ይሄ ነበር። ጉባኤው የሕገ መንግሥት ምሁራንን በቴሌቪዥን እየተላለፈ አዳመጠ፣ ምክር ቤቱም ሰኔ 3 ቀን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ መራዘሙን አጸደቀ። ብዙ ሰው አጣሪ ጉባኤ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው ያኔ ነው።

ምክር ቤቱ የሰጠው ትርጉም ወደፊት በሚነሱ ተመሳሳይ ጉዳዮችም ላይ ይሠራል። አንዱ ገበሬ የተፈረደለትን ቢቸና ያለው ሌላው ገና በወረዳ ፍርድ ቤት ሳለ ሊጠቅሰው ይችላል ማለት ነው፣ አዲስ አበባ መመላለስ ሳያስፈልገው። ችግሩ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ በየጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ፣ የምክር ቤቱን ውሳኔዎች በእጁ ይዞ የሚከራከር ጠበቃ ብዙም አለመታየቱ ነው።