እንግሊዝ የሆላንድን ንግድ መርከቦች ስታሳድድ የነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ የአውሮፓን ጭነት በብዛት የሚያመላልሱት ሆላንዶች ነበሩ፣ የባልቲክ እህል በሉት የእስያ ቅመም በሉት ሁሉም በነሱ እጅ ነው። ችግራቸው መንገዱ ነው፣ ከእስያም ሆነ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው መርከብ ወይ በእንግሊዝ ቻናል ያልፋል ወይ ስኮትላንድን በሰሜን ይዞራል፣ በየትም ቢሄድ ከእንግሊዝ ደጃፍ አያመልጥም።

በ1651 እንግሊዝ የውጭ እቃ በራሷ ወይ እቃውን ባመረተው አገር መርከብ ካልሆነ አይገባም አለች፣ ሆላንዶችን ከመሀል ለማውጣት ነው በግልፅ። በ1652 የእንግሊዙ አድሚራል ብሌክና የሆላንዱ ትሮምፕ ባንዲራ ዝቅ አድርግ አላደርግም ተባብለው ዶቨር አካባቢ ተታኮሱ፣ ጦርነቱም ቀጠለ። እስከ 1654 ከ1,000 በላይ የሆላንድ መርከብ ተማረከ፣ መርከበኛው ከምርኮው ሽያጭ ድርሻ ስላለው ጉጉቱ እዛ ላይ ነበር።

አስቂኙ ግን በሁለተኛው ጦርነት፣ በ1665፣ የሆነው የበርገን ነገር ነው። ከእስያ ቅመም ጭነው የመጡት መርከቦች እንግሊዞችን ፈርተው ኖርዌይ በርገን ወደብ ገቡ፣ ኖርዌይ ያኔ በዴንማርክ ንጉስ ስር ነች፣ ንጉሱ ደግሞ ዝረፏቸው እኔ ዝም እላለሁ ከዛ እንካፈላለን ብሎ ከእንግሊዝ ጋር በድብቅ ጨርሷል። ትእዛዙ ግን ለበርገኑ አዛዥ በጊዜ አልደረሰውማ! ቴዲማን የሚባለው የእንግሊዝ አዛዥ መጠበቅ አቅቶት ተኩስ ሲከፍት ምሽጉ መልሶ እሱ ላይ ተኮሰ፣ ንፋሱም ጭሱን ወደ እንግሊዞቹ እየነዳው፣ መቶዎች ሞተውና ቆስለውባቸው ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ግን እንግሊዞች ሁለት የሆላንድ የቅመም መርከቦች ያዙ። የእንግሊዝ ባህር ኃይል ቢሮ ባለስልጣን የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ አንዱ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ቁንዶ በርበሬው በየስንጥቁ ፈሶ ይረገጣል፣ ቅርንፉድና ገውዙ ከጉልበቱ በላይ ነው። ግን የእንግሊዝ መርከቦች አዛዥ የነበረው የሳንድዊች ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) መንግስት ሳይቆጥረው ከጭነቱ ለራሱና ለመኮንኖቹ አከፋፍሎ ስለነበር ቅሌት ሆነና ወደ ስፔን አምባሳደር ተደርጎ ተላከ።

በኦገስት 1666 የእንግሊዙ አዛዥ ሮበርት ሆምስ ቭሊ በተባለው የሆላንድ የባህር መግቢያ ላይ የቆሙ 140 ገደማ የንግድ መርከቦችን አቃጠለ፣ በማግስቱ ደግሞ ቴርሼሊንግ ደሴት ላይ ያለችውን ከተማ። ሆላንዶች በጁን 1667 እንግሊዝ ውስጥ ሜድዌይ ወንዝ ድረስ ገብተው ሮያል ቻርልስ የተባለውን ትልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጎትተው ወሰዱ። ሆምስ በማርች 1672 ሦስተኛው ጦርነት ሳይታወጅ ከሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር፣ ቱርክ) የሚመለሱትን የሆላንድ መርከቦች ቻናል ላይ አድፍጦ ጠበቀ፣ አጃቢዎቹ ግን ስለበረቱበት ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም አመለጡት።