ኮኮ ኮየር፦ ከኮኮናት ልጣጭ እስከ ካናቢስ ማሰሮ

ኮኮ ኮየር ከኮኮናት ፍሬ ውጫዊ ልጣጭ የሚገኝ የተክል ማብቀያ ነው። የሚበላው ነጩ ክፍል የጠንካራው ቅርፊት ውስጠኛ ነው፤ ኮየር የሚባለው ደግሞ ከቅርፊቱ በላይ ያለው ወፍራምና ቃጫ የሞላበት ሽፋን ነው። ከሽፋኑ ረጅም ቃጫ ይወጣል፣ ተቆራርጦ ቺፕስ ይሆናል፣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ስፖንጅ የመሰለ ክፍል ደግሞ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። አብቃዮች ዝም ብለው «ኮኮ» ሲሉ በአብዛኛው ይህን ብናኝ ማለታቸው ነው። ኮኮፒትም ይባላል።

ስሙ የመጣው በደቡብ ሕንድ ኬራላ ከሚነገረው የማላያላም ቋንቋ ነው፤ «ካየር» ገመድ ማለት ነው። የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች የጀልባቸውን ሳንቃ በዚህ ገመድ እየሰፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ባሕር አቋርጠዋል። በአላፑዛ ከተማ የመጀመሪያው የኮየር ፋብሪካ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ያቋቋመው ጄምስ ዳራ ነበር፣ ሥራውም ምንጣፍ ነበር። የሕንድ የኮየር ቦርድም እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ሕግ ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚፈለገው ቃጫው ነበር። ብናኙ እንደ ቆሻሻ በየፋብሪካው ጓሮ ተራራ ሠርቶ ይቀመጥ ነበር፣ የዛሬው ውድ ዕቃ ማለት ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን አትክልተኞች ሞክረውት ነበር፣ ከዚያ ተረሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ፒት ሞስን፣ ማለትም ከረግረግ የሚወጣውን ማብቀያ፣ የሚተካ ነገር ሲፈለግ ተመልሶ መጣ። ዛሬ አብዛኛው የሚመጣው ከሕንድና ከስሪላንካ ነው።

ኮኮ አፈር አይደለም። ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ይስታል። በውስጡ ለተክል የሚበቃ ምግብ የለም፤ ምግቡ የሚመጣው ከውሃው ጋር ነው። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከክብደቱ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ጠጥቶም ለሥር የሚሆን አየር አያጣም። ሊግኒን ስለሚበዛበት ቶሎ አይበሰብስም። ፒት ሞስ አንዴ ከደረቀ ውሃ አልቀበል ይላል፣ ኮኮ ግን በቀላሉ መልሶ ይጠጣል። ፒት የሚወጣበት ረግረግ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው፣ ኮኮናት ዛፍ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃል። እርግጥ ኮየር ሲታጠብ ብዙ ውሃ ይፈጃል፣ በመርከብም ሩቅ ይጓዛል የሚል ክርክር አለ፣ እሱም ሐሰት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጨው።

ኮኮናት የባሕር ዳር ዛፍ ነው። ከዚያም አልፎ ቃጫው እንዲለሰልስ አረንጓዴው ልጣጭ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ለወራት ይዘፈዘፋል። ስለዚህ ብናኙ ሶዲየም፣ ክሎራይድና ፖታሲየም ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው «በውሃ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ» ብሎ ይጨርሳል። አልጨረሰም። ውሃ የሚያስወግደው ልል የሆነውን ጨው ብቻ ነው። የብናኙ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ይዞ ያስቀራል፣ ገና ከልጣጩ ሲወጣ የያዘው ደግሞ ባብዛኛው ፖታሲየምና ሶዲየም ነው። እነዚህን የሚያስለቅቅ የበለጠ ሙል ያለው ነገር ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም። ያልተዘጋጀ ኮኮ ላይ ተክል ሲተከል ኮኮው ከማዳበሪያው ላይ ካልሲየሙን እየነጠቀ ለራሱ ያስቀምጣል፣ በምትኩ ሶዲየምና ፖታሲየም ለሥሩ ይለቃል። ተክሉ በቂ ምግብ እየተሰጠው ይራባል። አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የታችኞቹ በደም ሥራቸው መካከል ቢጫ ይሆናሉ። አብቃዩ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ነገሩ ይብስበታል። እኔም የመጀመሪያውን ተክሌን ያጣሁት እንደዚህ ነው። በፈር ማድረግ የሚባለው ሥራ ይህን ልውውጥ ተክሉ ከመምጣቱ በፊት ባልዲ ውስጥ መጨረስ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ኮኮ ብዙውን ጊዜ ታምቆ በጡብ መልክ ይሸጣል። 650 ግራሙ ጡብ አራት ሊትር ገደማ ውሃ ጠጥቶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሊትር ይሆናል፤ አምስት ኪሎው ከ60 ሊትር በላይ ስለሚያብጥ ትልቅ ዕቃ ያዘጋጁ። ለብ ያለ ውሃ ያፈጥነዋል። በቢላ አይቆራርጡት፣ ራሱ እስኪፈታ ይጠብቁት። ደረቁን ሲነኩ አቧራው ሳንባ ስለሚያስቸግር አፍና አፍንጫ መሸፈን ይሻላል። ከዚያ ያለቅልቁት፣ ያንጠፍጥፉት፣ ከሥር የወጣውን ውሃ በኢሲ መለኪያ ይለኩ፤ ኢሲ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው፣ በውስጡ የሟሟውን ጨው መጠን ያሳያል። ከ0.5 (mS/cm) በታች እስኪወርድ ደጋግሙት። የመለቅለቂያው ውሃ ራሱ ጨዋማ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከዚያ አይወርድም፣ ያኔ የሚነጻጸረው ከገባው ውሃ ጋር ነው።

ቀጥሎ በፈር ያድርጉት። እኔ በአንድ ሊትር ውሃ 1 ግራም ካልሲየም ናይትሬትና 0.4 ግራም ያህል ማግኒዥየም ሰልፌት እጨምራለሁ፣ ኢሲው 1.5 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱን ወፍራም አድርገው አንድ ላይ አይበጥብጡ፣ እንደ ኖራ ይረጋሉ፤ አንዱ በብዙ ውሃ ከሟሟ በኋላ ሌላውን ይጨምሩ። ካልማግ የሚባለው የተዘጋጀ የካልሲየምና የማግኒዥየም ፈሳሽም ይሠራል። ኮኮው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ማታ አድርጎ ማሳደር ነው የሚቀናው። ጠዋት ሲንጠፈጠፍ የሚወጣው ውሃ ኢሲ ከገባው በጣም ከፍ ካለ ገና እየለቀቀ ነው፣ አንድ ጊዜ ይደገማል። ከተቀራረበ አብቅቷል።

ከረጢቱ ላይ «የታጠበና በፈር የተደረገ» የሚል ጽሑፍ ካለ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ያከራክራል። አርኤችፒ (RHP) የተባለው የኔዘርላንድስ የማብቀያ ጥራት ማረጋገጫ ምልክት ያለበትን በቀጥታ የሚጠቀሙ አሉ፣ ልክም ሊሆኑ ይችላሉ። ርካሹን ጡብ ግን ያለ በፈር መጠቀም ስህተት ነው፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ብዙዎች 30 በመቶ ፐርላይት፣ ማለትም ቀላልና ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠጠር፣ ይቀላቅሉበታል፣ አየር ለመጨመር።

ካናቢስ እዚህ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም አብዝቶ ይፈልጋል፣ በተለይ በኤልኢዲ መብራት ሥር ጉድለቱ ቶሎ ይታያል ይባላል። ስለ ኮኮ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ተግባራዊ ዕውቀት ከካናቢስ አብቃዮች ብዙ ተቀብሏል፣ ክብር ይገባቸዋል። ሕጉ ግን ከአገር አገር ይለያል፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በፌዴራል ደረጃ ለአንድ ቤት አራት ተክል፣ ጀርመን በ2024 ለአንድ አዋቂ ሦስት ተክል ፈቅደዋል፣ በብዙ አገር ደግሞ ወንጀል ነው። የራስን አገር ሕግ ማወቅ ከጡቡ ይቀድማል። የዝግጅቱ ሥራ ለቲማቲምም ለቃሪያም ያው ነው።

ከተተከለ በኋላ ውሃው ሁልጊዜ ከምግብ ጋር፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.8 እስከ 6.2 ሆኖ ይሰጣል። ባዶ ውሃ ማጠጣት የአፈር ልማድ ነው። ሲያጠጡ ከ10 እስከ 20 በመቶው ከሥር መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ጨው ይጠራቀማል። ትልልቅ ተክሎች በቀን አንዴም ከዚያም በላይ ይጠጣሉ። አንዳንዶች በመስኖ መካከል ይድረቅ ይላሉ፤ ኮኮ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ጨው ስለሚከር እኔ አላደርገውም።

ያገለገለ ኮኮ አይጣልም። ሥሩ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ እንደገና በፈር ተደርጎ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያገለግላል። ብናኙ ደቅቆ ጭቃ መምሰል ሲጀምር ወደ ጓሮው አፈር ይቀላቀላል።