ዴካሴጊ ምንድን ነው?

ዴካሴጊ የጃፓንኛ ቃል ነው፤ ከአገር ቤት ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ገንዘብ ቋጥሮ መመለስ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በሰሜን ጃፓን በረዶው እርሻውን ሲሸፍን ሥራ የሚፈታው ገበሬ ወደ ትልልቅ ከተሞች ወርዶ በግንባታና በፋብሪካ ይሠራና፣ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ማሳው ይመለስ ነበር። ዴካሴጊ ይባል የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ከብራዚልና ከፔሩ ተነሥተው በጃፓን ፋብሪካዎች የሚሠሩትን የጃፓን ተወላጆች ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። ኒኬይ ይባላሉ። ከመካከላቸው የሚበዙት ብራዚላውያን ስለሆኑ እዚህም በእነሱ ላይ አተኩራለሁ።

ለመሆኑ ጃፓናዊ ብራዚል ምን አደረሰው? ብራዚል ባርነትን ያስቀረችው በ1888 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ የሳኦ ፓውሎ ግዛት የቡና እርሻዎች የጣሊያን ስደተኞችን ያሠሩ ነበር። ባለ እርሻዎቹ ሠራተኛውን የሚይዙበት መንገድ ሮም ድረስ ስለተሰማ ጣሊያን በ1902 ጉዞው በሌላ ወጪ የሚሸፈንላቸው ዜጎቿ ወደ ብራዚል እንዳይሄዱ ከለከለች። እርሻዎቹ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረባቸው። ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ ከኮቤ ተነሥታ ሰኔ 18 ቀን 1908 ሳንቶስ ወደብ ስትደርስ 781 የውል ስደተኞችን ይዛ ነበር። እስከ 1941 ድረስ ወደ 190 ሺህ የሚጠጉ ጃፓናውያን ተከተሏቸው።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ዴካሴጊ ነበሩ። ጥቂት ዓመት ቡና ለቅመው፣ ጥሪት ይዘው ለመመለስ ነበር የወጡት። ደመወዙ ግን ከተነገራቸው በታች ሆነ፤ ከእርሻው ሱቅ በዱቤ የወሰዱት ዕዳ ሆኖ ጠበቃቸው። በ1945 ጃፓን ተሸንፋ ስትወድም የመመለሱ ነገር ጨርሶ አበቃ። ልጆቻቸው ብራዚል ውስጥ ተምረው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ፣ መምህር ሆኑ። ከጃፓን ውጭ ከሁሉም የሚበልጠው የጃፓን ተወላጆች ማኅበረሰብ ዛሬም የሚገኘው ብራዚል ውስጥ ነው።

ጉዞው አቅጣጫውን የቀየረው በ1980ዎቹ ነው። ብራዚል ውስጥ የዋጋ ንረቱ ጣሪያ ነካ፤ ጠዋትና ማታ የዕቃ ዋጋ አንድ አልሆን አለ። በመጋቢት 1990 ደግሞ ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር ሥልጣን በያዙ ማግስት የሕዝቡን የባንክ ቁጠባ አገዱ። ያኔ ጃፓን ውስጥ ገንዘቡ ሞልቶ የጠፋው ሠራተኛ ነበር፤ ወጣቱ የቆሸሸ፣ አደገኛና አድካሚ ሥራ አልነካም አለ። መንግሥት ላልሠለጠነ የውጭ ሠራተኛ በሩን በይፋ መክፈት አልፈለገም። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከሰኔ 1990 ጀምሮ ሲሠራበት እስከ ሦስተኛ ትውልድ ያለ የጃፓን ተወላጅ፣ ከነትዳር ጓደኛው፣ ገብቶ የፈለገውን ሥራ መሥራት ቻለ። በወረቀት ላይ ምክንያቱ ዘመድ እንዲጠይቁና የአያቶቻቸውን አገር እንዲያዩ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ዘመድ ጥየቃ መጥቶ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ አይቶ ይህን ምክንያት ማመን ይከብዳል። የእስራኤልን የመመለስ ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ልብ ይበል፤ ያኛው ዜግነት ይሰጣል፤ የጃፓኑ የሚሰጠው ጊዜው ባለቀ ቁጥር የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው።

ፈቃዱን ለማግኘት ቁልፉ ኮሴኪ ነው፤ እያንዳንዱ የጃፓን ቤተሰብ በአካባቢው ጽሕፈት ቤት ያለው የቤተሰብ መዝገብ። ሳኦ ፓውሎ የተወለደ የልጅ ልጅ፣ አያቱ ከየትኛው መንደር እንደተነሡ አጣርቶ፣ የመዝገቡን ቅጂ አስልኮ፣ የአባቱንና የራሱን የልደት እንዲሁም የጋብቻ ማስረጃ እንደ ሰንሰለት ማያያዝ አለበት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የብራዚል መዝጋቢ የጃፓኑን ስም በጆሮው እንደሰማው በፖርቱጋልኛ ስለጻፈው አባትና ልጅ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፔሩ ውስጥ የጃፓን ስምና መዝገብ በገንዘብ የገዙም ነበሩ።

ከዚያ ደላላው ይመጣል። ብራዚል ያለው ደላላ የአውሮፕላን ትኬቱን በብድር ይቆርጣል፤ ጃፓን ያለው ከአየር ማረፊያ ተቀብሎ፣ አፓርታማ አስገብቶ፣ በሚኒባስ እፋብሪካው በር ያደርሳል። ትኬቱም ኪራዩም ከደመወዝ ይቆረጣል። ሠራተኛው የሚገጥመው የታላላቅ ኩባንያዎችን መኪና ክፍሎች ቢሆንም ውሉ ከደላላው ጋር ነው። ትእዛዝ ሲቀንስ ፋብሪካው ማንንም አያባርርም፤ ለደላላው ደውሎ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይህን ያህል ሰው ቀንስ ይለዋል፣ አለቀ። ሥራ ያጣው ሰው የሚኖርበት አፓርታማ የደላላው ከሆነ ቤቱም አብሮ ይሄዳል።

ክፍያው በሰዓት ነው። ሰው ፋብሪካ የሚመርጠውም በሰዓት ስንት ይከፍላል ብሎ ብቻ አይደለም፤ ዛንግዮ አለው ወይ ብሎ ነው። ዛንግዮ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሆን ብራዚላውያኑ ፖርቱጋልኛ ሲያወሩ እንኳ የሚጠሩት በጃፓንኛ ስሙ ነው። በሕጉ ለትርፍ ሰዓት ቢያንስ 25 በመቶ ይጨመራል፤ ትርፍ ሰዓቱ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ከዋለ ደግሞ ሌላ 25 በመቶ ይደረብበታል። መደበኛው ስምንት ሰዓት ለኪራይና ለቀለብ ይበቃል፤ አገር ቤት ቤት የሚገዛው ትርፉ ነው። አገሩ ላይ አስተማሪ ወይም የባንክ ሠራተኛ የነበረ ሰው የመኪና ሽቦ እያሰረ የሚያድረው ለዚህ ነበር።

የሰፈሩትም ፋብሪካ ባለበት ነው። ሱዙኪና ያማሃ ባሉበት በሃማማትሱ፣ በቶዮታ ከተማ፣ ሱባሩ ባለበት በጉንማ ክፍለ ሀገሯ ትንሽ ከተማ በኦይዙሚ። ኦይዙሚ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያው ፖርቱጋልኛ ነው፤ ጥቁር ባቄላውም ከረጢት ከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። ቶዮታ ከተማ ባለው የሆሚ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ደግሞ ሌሊት ሠርቶ የመጣው ሰውና ነባሩ ነዋሪ ለዓመታት የተነታረኩት በቆሻሻ ነበር፤ የሚቃጠለውንና የማይቃጠለውን ለይቶ፣ በየቀኑ በየተራው ማውጣት ግዴታ መሆኑን አዲስ ገቢው አያውቀውም።

ብራዚል ሳሉ ጃፓናዊ፣ ጃፓን ሲገቡ ብራዚላዊ ስለመባላቸው ብዙ ተጽፏል። እውነት ነው፤ ግን እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የጡረታውና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። ሁሉም የሚሄደው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ብሎ ነው። የጡረታና የጤና መድኅን መዋጮውን ግማሹን አሠሪው፣ ግማሹን ሠራተኛው ይከፍላል። ደላላው ድርሻውን ላለመክፈል ሠራተኛውን አያስመዘግብም፤ ሠራተኛውም እመለሳለሁ ስለሚል አይጠይቅም። ሁለቱም የሚስማሙበት ማጭበርበር ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱ ዓመት ሃያ ሲሆን ግን ሰውየው ስድሳ ዓመት ሞልቶት ምንም የለውም። ያኔ ጡረታ ለማግኘት የ25 ዓመት መዋጮ ያስፈልግ ነበር፤ ወደ 10 ዓመት የወረደው በ2017 ነው። በጃፓንና በብራዚል የተከፈለውን ዘመን ደምሮ የሚቆጥረው የሁለቱ አገሮች ስምምነት የጸናውም በ2012 ነው። ላልተመዘገበው ግን የሚደመር ነገር የለም።

በጃፓን ሕግ ልጅን ትምህርት ቤት የመላክ ግዴታ ያለበት ጃፓናዊ ወላጅ ነው። የውጭ ዜጋ ልጅ ወላጆቹ ካመለከቱ በነፃ ይማራል፤ ካላመለከቱ ግን የሚያስገድዳቸው የለም። የሚመለስ ልጅ ጃፓንኛ ምን ያደርግለታል ያለ ወላጅ ውድ ክፍያ ከፍሎ ብራዚላዊ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ሁለት ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ ያለ ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ያወራል፤ የታሪክ መጽሐፍ አንብብ ሲባል ግን በሁለቱም ይቸገራል። ጃፓንኛው የተሻለ ከሆነ ደግሞ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቀፍ ጥናት ሲያደርግ ትምህርት ቤት ላይገቡ ይችላሉ የተባሉት የውጭ ዜጋ ልጆች፣ ከሁሉም አገር ተደምሮ፣ ወደ 20 ሺህ ይጠጉ ነበር።

በ2007 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወደ 317 ሺህ ብራዚላውያን ይኖሩ ነበር። በ2008 የዓለም ገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የመኪና ትእዛዝ ተቋረጠ፤ የደላላው ስልክም ጮኸ። መንግሥት በሚያዝያ 2009 ለሠራተኛው 300 ሺህ የን፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ 200 ሺህ የን ሰጥቶ ወደ አገራቸው የሚሸኝ ፕሮግራም ጀመረ። ገንዘቡን የወሰደ ሰው ግን በትውልዱ ባገኘው ቪዛ ለጊዜው ተመልሶ አይመጣም። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወሰደ፤ ገደቡ መላላት የጀመረው በ2013 ነው። በራሳቸው ወጪ የተመለሱት ከእነዚህ በእጅጉ ይበልጣሉ። በ1990 የአያት ደም በሩን እንዲከፍት ከተደረገ፣ በ2009 ያው ደም ዋጋ የወጣለት ይመስለኛል።

የቀሩት ግን ሥር ሰደዱ። ዛሬ ጃፓን ካሉት ከ200 ሺህ በላይ ብራዚላውያን ከግማሽ የሚበልጡት የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ አላቸው፤ በባንክ ብድር ቤት የገዙም ብዙ ናቸው። እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ዴካሴጊ ሲባሉ አይወዱም፤ ትክክልም ናቸው፤ ከየትም ወጥተው አልሄዱም።

አራተኛው ትውልድ በ1990ው ሕግ መግባት የሚችለው ለአካለ መጠን ያልደረሰና ከወላጁ ጋር የሚኖር ከሆነ ብቻ ነበር። በ2018 ለዚህ ትውልድ አዲስ ቪዛ ወጣ፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 30፣ በዓመት እስከ 4,000 ሰው፣ ቢበዛ አምስት ዓመት፣ ቤተሰብ ማስከተል አይቻልም፤ መሠረታዊ የጃፓንኛ ፈተናም ማለፍ ያስፈልጋል። ከአያትና ከአባት ያልተጠየቀ ፈተና ከልጅ ተጠየቀ። አመልካቹም ከተመደበው ቁጥር እጅግ ያነሰ ሆነ። መንግሥት በ2023 መጨረሻ የዕድሜውን ጣሪያ ወደ 35 ከፍ አድርጎ፣ አምስት ዓመት ቆይቶ ከፍ ያለ የጃፓንኛ ችሎታ ላሳየ ሰው ደግሞ እንደ ሦስተኛው ትውልድ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቀደ።