ባለሞላ የአየር ጠመንጃ፦ ስለ ጉልበቱ የሚወራው እና እውነታው

እንግሊዝ አገር ጓሮ የሚያለማ፣ ዶሮ የሚያረባ ወይም ከገበሬ ጋር የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ከአይጥ፣ ከጥንቸልና ከዱር እርግብ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ያኔ አንዱ ወዳጅ «የአየር ጠመንጃ ግዛና ተገላገል» ይለዋል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ችግሩ ከምክሩ ጋር የሚመጣው ወሬ ነው፤ ግማሹ ከሻጭ፣ ግማሹ ከቪዲዮ፣ የቀረው ደግሞ ራሱ ተኩሶ ከማያውቅ ሰው።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ። ባለሞላውን የምታቀባብሉት ቱቦውን ወደ ታች አጥፋችሁ ወይም ከሥሩ ያለውን ማንሻ ስባችሁ ነው። ውስጥ ያለው ትልቅ ሞላ ይታመቃል። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ ጥይቷን የሚገፋት ይኸው የተጨመቀ አየር ነው። የሚሞላ ጋዝ የለ፣ ፓምፕ የለ። ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው።

«ፍጥነቱ የበዛውን ግዛ»

ይሄ በተለይ ከአሜሪካ የሚመጣ ነው። እዚያ በፌዴራል ደረጃ የጉልበት ገደብ ስለሌለ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «በሰከንድ 1,200 ጫማ» ብለው ይጽፋሉ። የማይጽፉት ነገር ቁጥሩ የተለካው ብዙ ጊዜ በጣም ቀላል በሆነ፣ እርሳስ ባልሆነ ጥይት መሆኑን ነው። ያንኑ ጠመንጃ ደህና የእርሳስ ጥይት ስታጎርሱት ፍጥነቱ በደንብ ይወርዳል።

ደግሞስ ባይወርድ ምን ይጠቅማል? ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጥይቷ ወደዚያ ፍጥነት ስትጠጋ መወዛወዝ ትጀምራለች፣ ስታልፈው ደግሞ ጅራፍ እንደተመታ ትጮኻለች። ኢላማው ተሳተ፣ ጎረቤቱም ነቃ።

መታየት ያለበት ጉልበቱ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ከክብደትና ከፍጥነት አብሮ የሚመጣ ነው። ሁለት ጥይቶችን ጎን ለጎን እንያቸው። አንዷ ስፋቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክብደቷ 0.54 ግራም፣ ፍጥነቷ በሰከንድ 244 ሜትር። ሌላዋ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ 0.93 ግራም፣ ፍጥነቷ 187 ሜትር ብቻ። ሲሰላ ሁለቱም 16 ጁል አካባቢ ይመጣሉ፤ እንግሊዞቹ 12 ፉት ፓውንድ የሚሉት፣ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚያዝ ጠመንጃ ጣሪያ ማለት ነው። በፍጥነት ብቻ ብትመርጡ ሁለተኛዋን ትጥሏት ነበር።

«12 ፉት ፓውንድ ጥንቸል አይገድልም»

ይገድላል። እንግሊዝ ውስጥ ስንት ዘመን ሙሉ ጥንቸል፣ ግራጫ ስኩዊረልና የዱር እርግብ የሚታደነው በዚሁ ጉልበት ነው። ጥንቸል ላይ የሚፈለገው ቦታ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ካረፈች በ30 ሜትር ርቀት ከበቂ በላይ ጉልበት አላት። ሆዱ ላይ ካረፈች ግን ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጉትም እንስሳው ጉድጓዱ ገብቶ ሲሰቃይ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ፉት ፓውንድ?» ሳይሆን «እኔ በስንት ሜትር አልስትም?» ነው።

ይህን ለማወቅ ወረቀት ላይ የ2 ፓውንድ ሳንቲም አስቀምጡና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩበት። የክቡ ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ15 ሜትር ጀምሩ። ጠረጴዛ ተደግፋችሁ ሳይሆን ሜዳ ላይ በምትተኩሱበት አኳኋን፣ ተንበርክካችሁ ወይም ቆማችሁ። አሥር ጥይት ተኩሱ። ሁሉም ክቡ ውስጥ ከገባ ትንሽ ራቁ። አንዷ መውጣት የጀመረችበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ተመለሱ፣ የእናንተ ርቀት ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ብዙ ሰው 20 ሜትር ላይ ሲቆም ያፍራል፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጎተራ ወይም የዶሮ ቤት ውስጥ በ10 ሜትር አይጥ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ 7 ፉት ፓውንድም ይበቃዋል። እንደ ጀርመኑ ፋብሪካ ቫይራውክ ኤችደብሊው 30 ያለ ትንሽ ጠመንጃ ቀላል ነው፣ ለማቀባበል አያለፋም፣ ረጋ ብሎ ይተኩሳል። የዚያው ፋብሪካ ኤችደብሊው 80 ግን 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍራም ዕቃ ነው። ለሜዳ ጥሩ፣ ለጠባብ ቤት ግን ጣጣ።

«ጠንካራ ሞላ ቀይርበትና ይብቃህ» የሚሉም አሉ። እንዳትሰሟቸው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ጠመንጃው ከ12 ፉት ፓውንድ ካለፈ ያለ ፖሊስ ፈቃድ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። «አላወቅኩም» ማለትም አያድንም። ሌላም ነገር አለ። ባለሞላ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ በቀላል ጥይት የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ስለዚህ በከባዱ ጥይት ሲለካ ከገደቡ በታች የነበረው በቀላሉ ጥይት ሲለካ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። አሮጌ ጠመንጃ ከሰው ከገዛችሁ ክሮኖግራፍ በሚባለው የፍጥነት መለኪያ አስለኩት። ጠመንጃ ሻጮች ዘንድ አይጠፋም።

«5.5ቱን ግዛ፣ 4.5ቷ መጫወቻ ናት»

ሁለቱም ይገድላሉ። ልዩነቱ የመንገዳቸው ቅርጽ ነው። 4.5ቷ ፈጣን ስለሆነች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ርቀቱን አምስት ሜትር ብትስቱ እንኳ ብዙም አትቀጣችሁም። 5.5ቷ ቀርፋፋ ናት፣ ቶሎ ትወርዳለች፣ ርቀት መገመት የሚችል ዓይን ትፈልጋለች፤ ስታርፍ ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ነው የምትከፍተው። እኔን ከጠየቃችሁ ለጀማሪ 4.5ቷ ትሻላለች። በአጭር ርቀት አይጥ ብቻ ለሚመታ 5.5ቷን ብመክር ቅር አይለኝም።

በነገራችን ላይ ሹሏ ጥይት ጥልቅ ትገባለች፣ አናቷ የተቦረቦረው ደግሞ ውስጥ ገብታ ትፈነዳለች የሚባለውን እርሱት። በዚህ ፍጥነት የተቦረቦረችው አዘውትራ አትከፈትም፣ ሹሏም ብዙ ጊዜ ኢላማዋን ትስታለች። አናቷ ክብ የሆነውን ተራዋን ግዙ። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሩና ጠመንጃችሁ የወደዳትን ያዙ፤ ለአንዱ የተስማማችው ለሌላው ላትስማማ ትችላለች።

«ግጥም አድርገህ ያዘው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ በተለይ ወታደር ቤት እውነተኛ ጠመንጃ የለመደ። ባለሞላ ጠመንጃ ርግጫው ሁለት ነው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጥይቷ ገና ከቱቦው አልወጣችም። ስለዚህ ጠመንጃው በየጊዜው አንድ ዓይነት ካልተንቀሳቀሰ ጥይቷም አንድ ቦታ አታርፍም። አንድ ቀን ጠበቅ፣ ሌላ ቀን ላላ አድርጎ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ሲያስተካክል ይኖራል።

መፍትሔው ላላ አድርጎ መያዝ ነው። የግራ መዳፋችሁን ዘርጉና ጠመንጃውን በላዩ አሳርፉት፤ ጣቶቻችሁ አይጨብጡት። ሰደፉ ትከሻችሁን ነካ ያድርግ እንጂ አትጫኑት። ቃታውን ከሳባችሁ በኋላም ጥይቷ እስክታርፍ ድረስ ከቦታችሁ አትነቃነቁ። ጠንካራ ነገር፣ ለምሳሌ አጥር ወይም ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስደግፉት፤ መካከል ላይ እጃችሁ ይግባ።

ይኸው ሁለተኛው ርግጫ ነው ርካሽ መነጽር የሚሰብረው። «ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ምን ይሆናል?» ይላሉ። ትልቁ ጠመንጃ የሚራገጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ እዚያ የቻለው ሁሉ እዚህ ይችላል ማለት አይደለም። ለባለሞላ ተብሎ የተሠራውን ጠይቁ።

ጥይት ሳይጎርስ ቃታ መሳብም አይፈቀድም። ጥይቷ ከሌለች አየሩ በቀላሉ ያመልጣል፣ ፒስተኑን የሚያቆመው ትራስ አይኖርም፣ ብረት ለብረት ይላተማል። ዘይት ማጠጣትም እንዲሁ። አዲስ ጠመንጃ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ሲተኩስ ቢያጨስ አትደንግጡ፣ የፋብሪካው ቅባት ነው። እናንተ ግን በአየር ቀዳዳው ዘይት ብትጨምሩ አየሩ ሲጨመቅ ስለሚግል ዘይቱ ይቀጣጠላል፤ የፒስተኑን ጎማና ሞላውን ይጎዳል።

እጅም አለ። ጥይት ስታጎርሱ ቱቦውን ወይም ማንሻውን በአንድ እጅ ያዙት፣ አትልቀቁት። የታመቀውን ሞላ የያዘው ማቆያ ድንገት ቢለቅ ጣት የሚቆርጥ ጉልበት ነው ያለው።

«የአየር ነው፣ ምን ሕግ አለው?»

አለው እንጂ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 12 ፉት ፓውንድ ያለውን ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ይፈልጋል። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ከ1 ጁል በላይ ለሆነው የፖሊስ ፈቃድ ግድ ነው። ሰሜን አየርላንድም ከ1 ጁል በላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ለንደን ገዝቶ ግላስጎ ላለ የአጎት ልጅ በመኪና ማድረስ ችግር ያመጣል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው እስከ 7.5 ጁል ነው፣ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ የኤፍ ምልክት አለበት።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ቆልፉበት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳያገኘው ተገቢ ጥንቃቄ አለማድረግ ከ2011 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ያስከስሳል።

«የራሴ ጓሮ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በጓሯችሁ መተኮስ ትችላላችሁ፤ ጥይቷ ግን ያለ ጎረቤት ፈቃድ አጥሩን ካለፈች ጥፋት ነው። ይህች ጥይት ካልቆመች በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ትሄዳለች፣ ስለዚህ ከኢላማው ኋላ አፈር ወይም ወፍራም ነገር ከሌለ አይተኮስም። ወፍ ደግሞ ሁሉም በሕግ የተጠበቀ ነው። የዱር እርግብ እንኳ የሚመታው መንግሥት ባወጣው አጠቃላይ ፈቃድ ሥር፣ ሰብል ስለሚያጠፋና ቅድመ ሁኔታዎቹ ስለተሟሉ እንጂ ስላስቀየማችሁ አይደለም። አገር ቤት ከማማ ላይ ወፍ በወንጭፍ እያባረረ ያደገ ሰው ይሄ ሊያስቀው ይችላል፤ ፖሊሱ ግን አይስቅም።

«ጠመንጃ ከገዛሁ አይጥ አለቀ»

አያልቅም። አንዱን ስትመቱ ሌሎቹ የሚበሉት እስካላቸው ድረስ ይተካሉ። የዶሮውን መኖ በብረት ቆርቆሮ ክደኑ፣ ማታ የተረፈውን አንሡ፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶና በብረት መረብ ድፈኑ፣ ወጥመድ አኑሩ። ጠመንጃው የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለቀሩት ብልጦች ነው። የሞተውንም በባዶ እጅ አታንሡ፤ የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል። የእርሳስ ጥይት ከነካችሁ በኋላም እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

«ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አገር ቤት እወስደዋለሁ»

አየር መንገዶች የአየር ጠመንጃን እንደ መሣሪያ ነው የሚያዩት፤ ቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል፣ በእጅ ሻንጣም አይገባም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አየር መንገዱን፣ ከዚያም አገር ቤት ያለውን ፖሊስ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ለዘመድ ስጦታ ከሆነ ቡና መፍጫ ውሰዱለት።