የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ምንድን ነው?

ፊርማ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። ብዙ ሰው «ትስስር» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ይኼው ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በቤተ ሙከራ የተሳካ ዘዴ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ገበያ እስኪገባ፣ ሁለቱ ወገኖች ወጪውንም ኪሳራውንም ሲካፈሉ ትስስር ይባላል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው እዚያው ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨመረ። የቦርከና ወንዝም በዚያው ያልፋል።

ቆዳ ማልፋትን እንውሰድ። ሌጦው ትልቅ በርሜል ውስጥ ከክሮም ጨው ጋር ሲሽከረከር ይቆይና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በተለመደው አሠራር ከገባው ክሮም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ላይ አይያዝም፤ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወንዙ ተበከለ ብቻ አይደለም፣ ፋብሪካውም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል እየደፋ ነው።

መላው ከታወቀ ቆይቷል። ፍሳሹ ላይ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመር ክሮሙ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። አንድ ተማሪ ይህን በአንድ ሊትር ብርጭቆ ሠርቶ ሊመረቅበት ይችላል። የፋብሪካ ፍሳሽ ግን ስብና ጨው ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዛሬው ከትናንቱ አይመሳሰልም። ዝቃጩ አልወርድ ይላል። የተመለሰው ክሮም ቀለሙን ቢያበላሽስ? ገዢው ቆዳውን አልቀበልም ይላል።

ናሳ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የቴክኖሎጂ ዝግጁነት መለኪያ ዛሬ ከ1 እስከ 9 ይቆጠራል። ቤተ ሙከራ 4 አካባቢ ያደርሳል፤ 9 ማለት ሥራ ላይ የዋለ ነው። ጣጣው መሃሉ ላይ ነው። መምህሩ «ጽሑፌ ታትሟል» ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ «መሥራቱን አሳዩኝ» ይላል። በመሃል በርከት ባለ ሌጦ የሚሞከርበት አነስተኛ ማምረቻ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ማንም በጀት አይዝለትም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1948 ቼናይ ላይ ያቋቋመችው የቆዳ ምርምር ተቋም የራሱ የሙከራ ማልፊያ አለው። በኔ ግምት ከአሥር የመግባቢያ ሰነድ ይሻላል።

ሰነድ ከተፈረመም ሁለት አንቀጾች ፈልጉ፦ በሙከራ ለሚበላሸው ሌጦ ማን ይከፍላል፣ ዘዴው ከተሳካ የፈጠራ መብቱ የማን ይሆናል።