«የናርማዳ ጠጠር ሁሉ ሻንካር ነው»

«ናርማዳ ካ ሃር ካንካር ሻንካር» ይላሉ በመካከለኛው ህንድ፣ በናርማዳ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች። ካንካር ጠጠር ማለት ነው። ሻንካር ደግሞ የሂንዱዎቹ አምላክ የሺቫ ሌላ ስሙ ነው። ቤት ስለሚመታ ሕፃን እንኳ ሰምቶ አይረሳውም።

ላይ ላዩን ሲያዩት «ፈጣሪ የሌለበት ቦታ የለም» የሚል ይመስላል። ብዙ ሰውም እንዲህ ብሎ ተርጉሞት ያልፋል። በእኔ እምነት ግን ይህ ፍቺ ዋናውን ነገር ይስታል። አባባሉ የሚያወራው ስለ አንድ ወንዝና ወንዙ በድንጋይ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሺቫ ቤተ መቅደሶች ውስጥ የሚመለከው ሊንጋ የሚባል ሞላላ ድንጋይ ነው። ሰው የጠረበው ሊንጋ እንዲሁ አይመለክም። መጀመሪያ ካህናት ሥርዓት ያደርሱለታል፤ ሕይወት እንዲገባበት ይጸልያሉ። ከናርማዳ የወጣ ድንጋይ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ባናሊንጋ ይባላል፤ በራሱ የተገኘ፣ ከመነሻውም ቅዱስ የሆነ ነው ተብሎ ይታመናል። ከውሃው አውጥቶ ቤት ወስዶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። አባባሉ የበቀለው ከዚህ እምነት ነው። ለሥርዓት የሚከፍለው የሌለው ሰውም ወንዝ ወርዶ አምላኩን በእጁ ይዞ መመለስ ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንዙስ? ናርማዳ ከአማርካንታክ ደጋ ትነሳለች። በቪንድያና በሳትፑራ ተራሮች መካከል ባለው ስምጥ ሸለቆ ወደ ምዕራብ 1,312 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አረብ ባሕር ትገባለች። በክረምት ስትሞላ ጠንካራውን ድንጋይ እያንከባለለች፣ እርስ በርሱ እያፋጨች እንቁላል እስኪመስል ታለሰልሰዋለች። ቡናማ አለ፣ ግራጫ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ቀላ ያለ መስመር ዞሮበት ይታያል። የአካባቢው ሰው እናት ይላታል። ምእመናን ወንዟን በቀኝ እጃቸው አድርገው፣ ሳይሻገሯት፣ ዙሪያዋን በእግራቸው ይዞራሉ። 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው «ናርማዴ ሃር» ነው።

አባባሉ ከከተማ ታሪክ ጋር የተጋመደው ግን ማሄሽዋር ላይ ነው። ማሄሽዋር በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ከኢንዶር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በወንዙ ሰሜናዊ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ነዋሪዋ 25 ሺህ አይሞላም ነበር። ዝነኛ ያደረገቻት የሆልካር መንግሥት ንግሥት የነበረችው አሂልያባይ ሆልካር ናት። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1754 ጦር ሜዳ ሞተ። አማቷ በ1766 አረፈ። በዓመቱ ወንድ ልጇም ተከተለ። ያን ሁሉ ሐዘን ተሸክማ እ.ኤ.አ. በ1767 መንግሥቱን ተረከበች፤ መቀመጫዋንም ማሄሽዋር አድርጋ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1795 ድረስ ገዛች። ወንዙ ድረስ የሚወርዱትን ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃዎች ያሠራችው እሷ ናት። በቫራናሲ ያለውን የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስም እንደገና ያሳነጸችው እሷው ነች።

ሥዕሎቿንና ሐውልቶቿን ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ላይ መዳፏ ላይ ትንሽ ሊንጋ አለች። የመንግሥት ትእዛዞቿም የሚወጡት በራሷ ስም ሳይሆን በሻንካር ስም ነበር። ገዢው እሱ ነው፣ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ ማለቷ ነው። ጠጠሩ ሻንካር ከሆነ፣ ያቺ መዳፏ ላይ ያለችው ድንጋይ የአገሩ ንጉሥ ነበረች ማለት ነው። ለእኔ የአባባሉ ክብደት የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

እሷ የጀመረችው አንድ ሥርዓት ዛሬም በቤተ መንግሥቷ ግቢ ይካሄዳል። ካህናት ከወንዙ ዳር የመጣ ጥቁር ጭቃ አቡክተው፣ እንጨት ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ሊንጋዎች በረድፍ በረድፍ ይሠራሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጭቃውን መልሰው ለወንዙ ይሰጣሉ። በነጋታው እንደገና።

ሽመናውም የእሷ ውለታ ነው። ሸማኔዎችን ከሌላ አካባቢ አስመጥታ አሰፈረች ይባላል። የማሄሽዋር ሳሪ ድሩ ሐር፣ ማጉ ጥጥ ነው። ጥለቱ ላይ ከከተማዋ ምሽግ ግድግዳ የተቀዱ ቅርጾች አሉ፤ የናርማዳ ሞገድም አለበት። ዛሬ ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ወንዟን እንደ አምላክ ባያመልኳትም ሞገዷን በየቀኑ ይሸምናሉ።

አሁን ስለሚያሳስበኝ ነገር ልንገራችሁ። አባባሉ የቆመው በሚፈስ ውሃ ላይ ነው፤ ናርማዳ ላይ ግን ትልልቅ ግድቦች ተደርድረዋል። ባናሊንጋ በብዛት ይገኝበት የነበረው ዳቭዲ ኩንድ የሚባል ፏፏቴ ከማሄሽዋር በላይ በተሠራው የኦምካሬሽዋር ግድብ ውሃ ተውጧል። በተኛ ውሃ ውስጥ ድንጋይ አይንከባለልም። ማሄሽዋር ባለችበት አውራጃ፣ ባካዋን በምትባል መንደር ቤተሰቦች የናርማዳን ድንጋይ በማሽን እየቆረጡና እየሞረዱ ሊንጋ ይሠራሉ፤ በመላው ህንድ ይሸጣሉ። ወንዙ ይሠራው የነበረውን አሁን ማሽን ይሠራዋል። ታዲያ ይሄ በራሱ የተገኘ ይባላል ወይ? እኔ እንጃ አልልም፤ ይባላል ባይ ነኝ። አባባሉ ሻንካር ያለው ጠጠሩን ነው፣ ልስላሴውን አላለም።